ደሙ እየተቀዳ የጣቶቹ ሕመም ለምን አልተወውም?

ጥያቄ፦ የምኖረው በደብሊን ነው። ባለቤቴ አይሪሽ ሲሆን ዕድሜው 47 ነው። የሌባ ጣቱና የመሃል ጣቱ ሥር ሲያብጥና ሲያመው ሥራ የበዛበት መስሎን ሁለት ዓመት ቆየን፤ በኋላ በደም ምርመራ ሰውነቱ ውስጥ ብረት ከመጠን በላይ መከማቸቱ ታወቀ። አሁን በየሳምንቱ ደም ይቀዳለታል። ድካሙ ቀሎታል፣ ጣቶቹ ግን እንደ ቀድሞው ያሙታል። ብረትን ከመገጣጠሚያ ጋር ምን ያገናኘዋል? እንጀራ ማቅረቤንስ ልተው? ለሁለቱ ልጆቻችንም እሰጋለሁ።

መልስ፦ በእኛ ዘንድ ብረት ሲነሣ ቶሎ የሚታሰበው የደም ማነስ በመሆኑ፣ ትርፉም እንደሚጎዳ ሲነገር ብዙ ሰው ይገረማል። በባለቤትዎ አገር ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ ሄሞክሮማቶሲስ የተባለው ይህ በዘር የሚተላለፍ ሕመም በዓለም ላይ በብዛት ከሚታይባቸው ሕዝቦች መካከል አይሪሾች ይገኛሉ። ጤናማ ሰው ከምግብ በቀን ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ብረት ብቻ ይወስዳል፤ ሲበቃው ጉበት ሄፕሲዲን የተባለ ሆርሞን አመንጭቶ ብረት ከአንጀት ወደ ደም እንዳያልፍ ይከለክላል። በ1996 እ.ኤ.አ. የተገኘው ኤችኤፍኢ የተባለው ጂን የተለወጠበት ሰው ግን ሄፕሲዲኑ አነስተኛ ስለሆነ የሚከለክለው የለም። ሰውነት ትርፍ ብረትን የሚያስወግድበት መንገድ ስለሌለውም፣ በጤናማ ሰው ከ3 እስከ 4 ግራም የሚሆነው ክምችት በብዙ ዓመታት ውስጥ ከ20 ግራም ሊያልፍ ይችላል።

ይህ ብረት በጉበት፣ በቆሽትና በልብ ብቻ ሳይሆን በመገጣጠሚያ ውስጠኛ ሽፋንና የአጥንት ጫፎችን በሚያለብሰው ካርቲሌጅ ውስጥም ይቀመጣል። እዚያ ሴሎችን የሚጎዱ ፍሪ ራዲካሎች እንዲበዙ ያደርጋል፤ የካልሲየም ፓይሮፎስፌት ክሪስታል እንዲጠራቀምም መንገድ እንደሚከፍት ይታመናል፤ እነዚህ ክሪስታሎች ደግሞ እንደ ሪህ ድንገት የሚነሣ እብጠትና ሕመም ያስከትላሉ። ብረት ራሱ መገጣጠሚያን እንደሚጎዳ ሄሞፊሊያ (ደም ቶሎ የማይረጋበት ሕመም) ያለባቸው ሰዎችም ያሳያሉ፤ ጉልበታቸው ውስጥ ደጋግሞ የሚፈሰው ደም ብረቱን እዚያው እየተወ ካርቲሌጁን ያበላሸዋል። ባለቤትዎን የሚያመው ቦታ የሕመሙ ዋነኛ ምልክት ነው፤ ብዙ ሕሙማን ሰው ሲጨብጣቸው የሚያማቸው እዚያው ላይ ሲሆን፣ በራጅ ሲታይም በአጥንቱ ጫፍ ላይ መንጠቆ የመሰለ ትርፍ አጥንት ይገኛል። ይህን ያልጠረጠረ ሐኪም ሩማቶይድ አርትራይተስ (የሰውነት መከላከያ ራሱ መገጣጠሚያን የሚያጠቃበት ሕመም) ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

በየጊዜው የሚቀዳው ግማሽ ሊትር ገደማ ደም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ግራም ብረት ይዞ ይወጣል፤ ሰውነትም አዲስ ደም ለመሥራት ከክምችቱ ይወስዳል። ጉበትን የሚያድነው ይህ ሕክምና ነውና ጣቶቹ አልተሻላቸውም ተብሎ ፈጽሞ መቋረጥ የለበትም። የተበላ ካርቲሌጅ ግን ብረቱ ስለወጣ አይተካም፤ በአንዳንዶች ሕመሙ ይቀላል፣ በብዙዎች እንዳለ ይቆያል። ስለዚህ መገጣጠሚያው ለብቻው መታከም ስላለበት ወደ ሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያ ሕመም) ሐኪም እንዲላክ ይጠይቁ። ማስታገሻ ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ አይውሰድ፤ ምርጫው የጉበቱን ሁኔታ ያገናዘበ መሆን አለበት።

እንጀራውን አይከልክሉት። በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት ከፊሉ በአውድማ ሲወቃ ከአፈር የተቀላቀለ ነው፤ ከእህል የሚገኘው ብረትም ከሥጋው ይልቅ በአንጀት በጥቂቱ ነው የሚወሰደው። ይልቅስ የብረትና የቫይታሚን ሲ እንክብሎችን፣ አልኮልንና እንደ ኦይስተር ያሉ ጥሬ የባሕር ዛጎል እንስሳትን ይተው።

ለልጆቹ ያለዎት ስጋት ሊቀልል ይችላል። ሕመሙ የሚመጣው የተለወጠው ጂን ከአባትም ከእናትም ሲወረስ ነው፤ ይህ ለውጥ ደግሞ በአፍሪካውያን ዘንድ እጅግ ብርቅ ነው። እርስዎ ተመርምረው ነፃ ከሆኑ ልጆችዎ ከአባታቸው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሚወርሱ አብዛኛውን ጊዜ አይታመሙም። ይበልጥ የሚያስቸኩለው የባለቤትዎ ወንድሞችና እህቶች ጉዳይ ነው፤ እያንዳንዳቸው ሕመሙን የሚያመጡትን ሁለት ቅጂዎች የመውረስ ዕድላቸው ቢያንስ ከ4 አንድ ስለሆነ፣ ገና ጣታቸውን ሳያማቸው የፌሪቲን (የብረት ክምችትን የሚያሳይ)፣ የትራንስፈሪን ሙሌት (በደም ውስጥ ብረት ተሸካሚው ፕሮቲን ምን ያህል ብረት እንደያዘ የሚያሳይ) እና የጂን ምርመራ እንዲያደርጉ ይንገሯቸው።