ጋንቾው በአንድ እጅ ሲነሳ

ጥያቄው ከባሕር ዳር ነው የመጣው። ጠያቂው የፋይበር ጀልባውን በባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ጭኖ፣ በሃይሉክስ እየጎተተ ጎርጎራ ድረስ ይሄዳል። ተሳቢው ከነጭነቱ 10 ኩንታል ነው። በሰዓት 70 ሲገባ ከኋላ ይዋልላል። ባለፈው ደግሞ ሐሙሲት ሳይደርስ የቀኙ ጎማ ፈነዳ። «ጎማው የ2017 ነው፤ ገና አዲስ ነው። ጋንቾውም (ተሳቢው ከመኪናው ጋር የሚያያዝበት ጫፍ) አይከብድም፤ ስፈታው በአንድ እጄ አነሳዋለሁ። ታዲያ ምን ሆኖ ነው ጋሼ?»

ወንድሜ፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ጋንቾው በአንድ እጅ መነሳቱ ነው በሽታው። ክብደቱ ከአክሰሉ (ሁለቱ ጎማዎች ከታሰሩበት ዘንግ) ኋላ ሲያመዝን መኪናውን ተጭኖ የሚይዝ ነገር የለም፤ ስለዚህ ጅራቱ እንደፈለገ ይወዛወዛል። ጋንቾው ላይ ከጠቅላላው ክብደት ቢያንስ አንድ አሥረኛው ማረፍ አለበት፤ ላንተ ወደ 100 ኪሎ ማለት ነው። የመኪናህ መጎተቻ ይህን መሸከሙን ግን አረጋግጥ።

በግምት አትሥራ። የወፍጮ ቤት ሚዛን ተዋስ። ተሳቢውን ሙሉ ጭነቱን እንደጫነ ሜዳ ላይ አቁም፤ ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዝ። ሚዛኑ ላይ ጣውላ ደርድርና ጋንቾውን መኪናው ላይ በሚቀመጥበት ከፍታ አሳርፈው። 30 ኪሎ ቢያነብብህ አልደነቅም።

ሞተሩ ጀልባው ቂጥ ላይ ነው የተንጠለጠለው። አራቱን የቤንዚን ጀሪካን ደግሞ እዚያው ሥር ትደረድራለህ። ባለ 20 ሊትሩ ሲሞላ 15 ኪሎ ግድም ነው፤ አራቱ 60 ኪሎ መሆናቸው ነው። ወደ መኪናው ጭነት ቦታ አዙራቸውና እንደገና መዝን። ካልበቃ ብየዳ ቤት ሂድና አክሰሉን ከነባሌስትራው (ከነሞላው) ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ አስገፋው። ጀልባውን ራሱን ወደ ፊት መጎተት ይቀላል፤ ግን ሞተሩ ያለበት ጫፍ ደጋፊ አጥቶ ስለሚንጠለጠል አልወደውም።

አሁን ወደ ጎማው። የጎማህ ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ 82 የሚል ቁጥር አለ ብለሃል። ትርጉሙ አንዱ ጎማ ቢበዛ 475 ኪሎ ይሸከማል ነው። ሁለቱ 950። ጋንቾው 30 ብቻ ሲይዝልህ ጎማዎቹ ላይ 970 ቀረ። ከአቅም በላይ ሆነ ማለት ነው! ጀሪካኖቹ ከወረዱና ጋንቾው ወደ 95 ከፍ ካለ ግን ጎማዎቹ የሚሸከሙት 845 ግድም ይሆናል።

«የ2017» ያልከው ነገር ደግሞ አሳቀኝም፣ አሳዘነኝም። ጎማው ጎን ላይ 2217 የሚል ነው ያየኸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ሳምንቱ፣ የመጨረሻዎቹ ዓመቱ ናቸው። ዓመቱ ግን የፈረንጅ ነው! በኛ አቆጣጠር ግንቦት 2009 መሆኑ ነው፤ ስምንት ዓመት አልፎታል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ ተሸውጄ ስኮርታ (መጠባበቂያ ጎማ) ገዝቻለሁ። ሻጩ አልዋሸኝም፤ «የዚህ ዓመት ነው?» ስለው ዝም አለ እንጂ። የተሳቢ ጎማ ብዙ ጊዜ ቆሞ ስለሚውል ጥርሱ ሳያልቅ ጎኑ በፀሐይ ይሰነጠቃል። ስድስት ዓመት ካለፈው ጥርሱን አትይ፤ ሁለቱንም ለውጥ። ስኮርታውንም አትርሳ።

ንፋስ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ጎማው ሳይግል ይለካ። ለመኪናው የምትሞላውን 30 ለተሳቢው አትድገም፤ ጭነት ለተሸከመ ተሳቢ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ከፍተኛውን ልክ ሙላ። ንፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ ከዚያ ይፈነዳል። መንገድ ላይ ግሎ ልኩ ከፍ ቢል ግን አታስተንፍስ።

ጣና ዳር ላለ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ከመንገድ እንደደረስክ ተሳቢውን ቀጥታ ውኃ ውስጥ አትክተት። የጋለ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) ድንገት ሲቀዘቅዝ ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ግራሶውም (ቅባቱም) ወተት መስሎ ይነጣል። ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ያኔ አለቀለት። ግማሽ ሰዓት ቡና ጠጣና ከዚያ አውርድ።

እስክታስተካክል ድረስ ከ50 አትለፍ። መዋለል ከጀመረ እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ፤ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ። ፍሬን አትርገጥ፣ ለማምለጥም አትፍጠን። ወረታ ስትደርስ ውረድና ሁለቱንም ሞዞ በእጅህ ጀርባ ቀረብ አድርገህ ሞክራቸው። ለብ ማለት ያለ ነው። አንዱ ከሌላው ለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ግን አዲስ ዘመን ከተማ ሳትገባ እዚያው ይፈታ።