ከአጥራችን ማዶ ባለ 12 ፎቅ ሊቆም ነው፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ገርጂ ነው። ቤታችን እናቴ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር በማኅበር ተደራጅታ የሠራችው ጂ+1 ነው፤ ሰፈሩም በሙሉ እንደዚያው ነው። ከእኛ ጋር አጥር የሚጋሩት ጎረቤቶቻችን ከአንድ አልሚ ጋር ተስማምተው ቪላቸውን አፈረሱ። አሁን ግቢው በቆርቆሮ ታጥሯል። ሁለት ቤዝመንት ያለው ባለ 12 ፎቅ አፓርታማ ነው የሚሠራው አሉ፤ ይህንንም የሰማነው ከጥበቃው ነው። መንገዳችን እኛው አዋጥተን ያነጠፍነው ኮብልስቶን ነው። ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የምናገኘው። በዕድራችን በኩል 43 ሰው ፈርሞ ለወረዳው ማመልከቻ አስገባን። «ፈቃድ አላቸው» ብለው ሸኙን። እናቴ እንቅልፍ አጥታለች፤ «በርበሬዬን ከእንግዲህ የት ላሰጣ ነው?» ትላለች። ማስቆም እንችላለን?

የገርጂዋ አንባቢ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽንም፣ አብረሽ የላክሽውን የማመልከቻ ግልባጭም ደጋግሜ አነበብኩ። ሳላድበሰብስ ልንገርሽ። ፈቃዱ በአግባቡ የወጣ ከሆነ ሕንፃውን ጨርሶ ማስቆም ይከብዳችኋል። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ስንት ፎቅ እንደሚሠራ የሚወስነውም የከተማው ፕላን እንጂ ጎረቤት አይደለም። እንዴት እንደሚሠራ ግን፣ በተለይ መሬቱ እንዴት እንደሚቆፈር፣ የእናንተም ጉዳይ ነው። ለዚህ ደግሞ ጊዜው አሁን ነው። ስካቫተሩ ሳይገባ።

ማመልከቻችሁ ላይ ቅር ያለኝን ልናገር። ሁለት ገጽ ነው። አንድ ገጽ ተኩሉ ስለ ሰፈሩ ክብርና «ስለማናውቃቸው ሰዎች» ነው፤ ስለ ቁፋሮው ያለው አንድ መስመር ብቻ። ይህን ገልብጡት። የወረዳው ሠራተኛ «ክብራችን ይነካል» የሚል ማመልከቻ ይዞ ምንም ሊያደርግላችሁ አይችልም። ደግሞም ልክ አይመስለኝም። የከተማዋ ኮንዶሚኒየም ሲጀመር የመጀመሪያው ሙከራ የተሠራው እናንተው ጋ ገርጂ ነው። እዚያ የገቡት ሰዎች ዛሬ ለቅሶ የምትደራረሷቸው፣ ልጆቻቸው ከልጆቻችሁ ጋር የተማሩ ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። አዲስ አበባ ውስጥ ቤት የሚፈልገውን ሰው ብዛት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የሆነ ቦታ ላይ መኖር አለበት።

ወደ ዋናው ልምጣ። በቦሌና በገርጂ አካባቢ ብዙ ቦታ ላይ ያለው አፈር ጥቁር ነው፣ ኮትቻ የምንለው። ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይኮማተራል። ማንም ሳይነካው ቤት የሚሰነጥቅ አፈር ነው። ሁለት ቤዝመንት ማለት ደግሞ 6 ሜትር ያህል ወይም ከዚያ በላይ የሚወርድ ጉድጓድ ነው፤ ጎንና ጎኑ በደንብ ካልተደገፈ ከእናንተ ቤት መሠረት ሥር ያለው መሬት ወደ ጉድጓዱ መንሸራተት ይጀምራል፤ ያ ሲሆን መጀመሪያ የምታዩት በሩ አልዘጋ ሲል፣ ከመስኮቱ ጥግ ቀጭን መስመር ስትወጣ ነው።

እኔ ላይ ደርሷል። ጎናችን ሲቆፈር የሳሎናችን ግድግዳ ከኮርኒሱ እስከ ወለሉ ድረስ ተሰነጠቀ። የግንባታው ሰውዬ መጣ፣ ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተና «ይሄ የድሮ ነው፣ አቧራ አለበት» አለኝ። የድሮ አልነበረም። ግን ከቁፋሮው በፊት ያነሳሁት አንድ ፎቶ እንኳ ስላልነበረኝ የምመልስለት አጣሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ስልክሽን ይዘሽ ተነሺ። እያንዳንዱን ክፍል፣ እያንዳንዱን ግድግዳ፣ ኮርኒሱን፣ አጥሩን፣ የደረጃውን ሥር፣ ሴፕቲክ ታንኩን ጭምር ፎቶ አንሺ። አሁን ያለ ስንጥቅ ካለ አትደብቂው፤ ማስመሪያ አጠገቡ አድርገሽ አንሺው። ከዚያ ጀሶ በጥብጠሽ ስንጥቁን አቋርጦ የሚያልፍ፣ ጣት የሚያህል ቀጭን ልጥፍ አድርጊበት፣ ቀኑንም በእርሳስ ጻፊበት። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ጀሶው ራሱ ይሰነጠቃል። ጀሶ በጥቂት ብር ይገዛል፤ ኋላ ላይ ግን ከብዙ ክርክር ያድንሻል። አቅም ካላችሁ ደግሞ በዕድሩ በኩል አዋጥታችሁ መሐንዲስ አምጡ፣ በአጥር ዙሪያ ያሉትን ቤቶች ሁሉ አይቶ ፈርሞበት የሚሄድ። የሪፖርቱን አንድ ቅጂ ለአልሚው በደረሰኝ አስረክቡ።

አዲሱን ማመልከቻ ለክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት አስገቡ። የፕላን ስምምነቱ (ቦታው ላይ ምን መሥራት እንደሚቻል ከተማው የሚሰጠው ማረጋገጫ) ለስንት ፎቅ እንደተሰጠ፣ የአፈር ምርመራ መደረጉን፣ ቁፋሮው በምን እንደሚደገፍ፣ የሦስተኛ ወገን መድን መኖሩን በጽሑፍ ጠይቁ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ሕንፃ ጥብቅ ቁጥጥር ወዳለበት ምድብ «ሐ» ነበር ያስገባው፤ ባለ 12 ፎቅ 40 ሜትር ገደማ ነውና ይህን መጠየቃችሁ ማንንም ማስቸገር አይደለም። የተፈቀደው 8 ሆኖ 12 ሊሠሩ ከሆነ ደግሞ ያኔ ማስቆም ይቻላል። ቁፋሮው በክረምት እንዳይሆንም ጠይቁ። ከጥበቃው የሰማችሁትን ይዛችሁ ግን የትም አትሂዱ።

ሕጉም ባዶ እጃችሁን አልተዋችሁም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ጩኸትና ንዝረት እንዳያደርስ ይከለክላል። አንቀጽ 1149 ላይ ያለው ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው «ሁከት ይወገድልኝ» የሚባለው ክስ ነው። ይህ ክስም፣ በአንቀጽ 2143 ያለው የካሳ ክስም በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረቡ በይርጋ ይታገዳሉ። «ሕንፃው ይለቅና እናድስላችኋለን» ቢሏችሁ በቃል ብቻ እሺ እንዳትሉ። እንዲህ ያለ ሕንፃ ብዙ ጊዜ በሁለት ዓመት አያልቅም። አስፈርሙ፤ ካልፈረሙ ጠበቃ አማክሩ።

ውኃውና መንገዱ ሌላ ራስ ምታት ነው። በየፎቁ አራት ቤት ቢሆን 48 አባወራ ነው፤ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ፣ መኪናው የት እንደሚቆም፣ ገልባጮቹ የሚያፈርሱትን ኮብልስቶን ማን እንደሚመልስ ከአልሚው ጋር ቁጭ ብላችሁ ቃለ ጉባኤ ያዙ። የዕድሩ ዳኛ ይምሩት። አልሚውም ሰፈሩ በየቀኑ እንዲጮህበት አይፈልግም።

የእናትሽ በርበሬ። እሱ አሳዝኖኛል፣ ምክንያቱም ለእሱ የሚሆን አንቀጽ አላገኘሁም። ሕንፃው ከቤታችሁ በየት በኩል እንደሆነ አልጻፍሽም። በምሥራቅ ወይም በደቡብ ምሥራቅ ከሆነ፣ በታኅሣሥ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ የ40 ሜትር ሕንፃ ጥላ ከ60 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ግቢያችሁን በሙሉ ያለብሰዋል። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ወደ 25 ሜትር ያጥራል። በሰሜን በኩል ከሆነ ግን በበጋ ፀሐዩ አይነካባችሁም። ሕንፃው ከአጥሩ ገባ ብሎ እንዲቆም፣ በእናንተ በኩል ያለው በረንዳም ወደ ሌላ ጎን እንዲዞር ጠይቁ፤ ዲዛይኑ ላይ ገና እየተሠራ ከሆነ የሚሰሙበት ዕድል አለ። የጂ+1 ጣሪያችሁ ላይም ለማስጫ የሚሆን ቦታ ይኖር ይሆናል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ በተቃራኒው ነኝ። 11 ዓመት ቆጥቤ አንድ መኖሪያ ሰፈር መሀል በሚሠራ አፓርታማ 9ኛ ፎቅ ላይ ቤት ገዛሁ። ሥራውን ለማየት ስሄድ ጎረቤቶቹ ፊት ይነሱኛል። ምን ላድርግ?

የቤት ገዢ

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ፤ 11 ዓመት ቀላል አይደለም። ፊት የነሱህ አንተን ጠልተው አይመስለኝም። ከላይ ያለውን ደብዳቤ አንብበው። ግድግዳቸው ተሰንጥቆ የሚያናግራቸው ያጡ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። አንተ ግን የአልሚው ደንበኛ ነህ፤ ያንተ ስልክ ይነሳል። በሚቀጥለው ስትሄድ አንዱን በር አንኳኳና «እዚህ ልገባ ነው፣ ቤታችሁ ላይ የደረሰ ጉዳት አለ?» ብለህ ጠይቅ፤ ያሳዩህንም ፎቶ አንስተህ ለአልሚው ላክለት።