መልስ፦ ቴራፒስቷ (በንግግር የምታክመኝ የሥነ ልቦና ባለሙያ) ፊት ስቀመጥ ሁሉም ይጠፋብኛል

«ሳምንቱን ሙሉ ሲያብሰለስለኝ የከረመው ነገር እዚያ ስቀመጥ ድራሹ ይጠፋል» ላልሽው፦ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነው፤ ጭንቀት ማስታወስን ሊያስቸግር ይችላል። ስሜቱ በተነሳበት ሰዓት፣ እዚያው፣ ጻፊው፦ የት ነበርሽ፣ ምን አሰብሽ፣ ስሜቱ ከ100 ስንት ነበር፣ ከዚያስ ምን አደረግሽ። ማታ አስታውሼ እጽፋለሁ ካልሽ «ተጨነቅሁ» የሚለው ብቻ ይቀራል፤ ይህ ደግሞ ለሕክምናው ሥራ አይመችም። «አለቃዬ ሰላም ሳይለኝ አለፈ፤ ሊያባርረኝ ነው ብዬ አሰብኩ፤ 80» የሚለው ግን የሚያዝ ነገር አለው።

ወረቀቱን ገና እንደገባሽ ስጪያት። አንድ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 50 ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከባዱን ነገር ልትወጪ ስትይ ካነሳሽው ቁስሉ እንደተከፈተ ትሄጃለሽ። ያኔም ከጠፋብሽ፣ እባክሽ፣ አፍረሽ አታቋርጪ፤ «አሁን ባዶ ሆነብኝ» በያት። መነሻ ይሆናታል።