ቀስ ሲል የሚጠፋው ታይገር ከብ

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሸር የሚኖሩ አንድ አንባቢ የሚከተለውን ጥያቄ ልከዋል፦

«እ.ኤ.አ. በ1964 የተሠራ ትራያምፍ ታይገር ከብ ሞተር ሳይክል አለኝ። የቀድሞው ባለቤት ለትራያል (እግር መሬት ሳያሳርፉ አስቸጋሪ መሬት ቀስ ብለው ለሚያልፉበት) ውድድር አዘጋጅቶ አማል ኮንሴንትሪክ 622 ካርቡሬተር ገጥሞበታል። ጠዋት በአንድ ርግጫ ይነሣል። ቾኩን (ወደ ካርቡሬተሩ የሚገባውን አየር የሚያጠበውን መዝጊያ) በከፊል ዘግቼ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሴክሽኖች (በምልክት የተከለሉ የውድድር ክፍሎች) በሰላም አልፋለሁ፤ ከዚያ ሞተሩ ሞቋል ብዬ ቾኩን እከፍተዋለሁ። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን በጠባብ መታጠፊያ ላይ ጋዝ ዘግቼ ቆይቼ በጥቂቱ ስከፍት አንዴ ያስነጥስና ይጠፋል። ከሴክሽን ወደ ሴክሽን በሚወስደው መንገድ ላይ እንደ ልቡ ይሮጣል። ካንዴላ ቀይሬያለሁ፤ ዋናውን ጄት (ነዳጅ የሚያሳልፈውን ቀዳዳ) በሁለት ቁጥር አሳድጌያለሁ፤ የአየር ብሎኑን ጨርሼ አጥብቄ ሩብ ዙር ብቻ ስመልሰው ትንሽ ይሻለዋል። ኮንደንሰሩ (በብልጭታው መስመር ላይ ያለው የኤሌክትሪክ ክፍል) ሲሞቅ እየታመመ ይሆን? ደግሞም ክለባችን በሚቀጥለው ጸደይ ለአሮጌ ሞተሮች ሁለት ሴክሽን እንዳዘጋጅ አዝዞኛልና፣ ምን ልጠንቀቅ?»

ክቡር ጠያቂ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ ካነበብኩ በኋላ ኮንደንሰሩን ለጊዜው ነጻ አውጥቼዋለሁ። ሲሞቅ የሚታመም ኮንደንሰር ቀስ ሲሉ ብቻ አይደለም የሚያስቸግረው፤ በመንገድ ላይ ሞተሩን ጭነው ሲነዱም ብልጭታውን ያቆራርጠዋል፣ የፖይንቱንም (እየተከፈተና እየተዘጋ ብልጭታውን የሚያስነሣውን ማገናኛ) ፊት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ያቃጥለዋል። የእርስዎ ሞተር ግን በመንገዱ ላይ ያለ እንከን ይሮጣል። መልሱን የያዙት እርስዎ እንደ ዋዛ ያለፏቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ እነሱም ቾኩን የከፈቱበት ጊዜና የአየር ብሎኑ ያለበት ቦታ ናቸው። ሞተሩ ከሦስተኛው ሴክሽን ጀምሮ የሚያስቸግረው ስለሞቀ ሳይሆን ቾኩ ስለተከፈተ ነው። ቾኩ በከፊል ተዘግቶ ሳለ ድብልቁን በነዳጅ ያወፍረው ስለነበር ጉድለቱ ተሸፍኖ ቆየ፤ ሲከፍቱት ግን ገሃድ ወጣ። በአማል ካርቡሬተር የአየር ብሎኑን ማጥበቅ አየሩን ቀንሶ ነዳጁን ማብዛት ስለሆነ፣ ብሎኑን ሩብ ዙር ድረስ አጥብቀው ሲሻልዎ ሞተሩ ያንኑ ጉድለት በሌላ አፍ እየነገረዎት ነው። ጤነኛ ካርቡሬተር ላይ ይህ ብሎን ከሙሉ ጥብቀቱ አንድ ዙር ተኩል አካባቢ ተመልሶ ይቆማል። ከግማሽ ዙር በታች ካልሆነ አልስማማ ካለ፣ ዝግ ብሎ በሚሄድበት ጊዜ ነዳጅ የሚያቀብለው ቀጭን መንገድ፣ ማለትም የፓይለቱ መስመር፣ በከፊል ተደፍኗል፤ አለዚያ ከካርቡሬተሩ በኋላ ያልተፈለገ አየር እየገባ ነው።

ዋናውን ጄት ማሳደግዎ ለምን እንዳልረዳዎ ለመረዳት፣ በእንዲህ ዓይነቱ ካርቡሬተር ውስጥ ነዳጁ እንደ ጋዙ አከፋፈት በአራት ደረጃ እንደሚመራ ማወቅ ይበቃል። ከዝግ እስከ አንድ ስምንተኛ ድረስ ሥራው የፓይለቱ ነው። ከአንድ ስምንተኛ እስከ ሩብ የስላይዱ፣ ማለትም ጋዝ ሲከፈት ወደ ላይ የሚነሣው መዝጊያ፣ የተቆረጠ ጠርዝ ይገዛል፤ ከሩብ እስከ ሦስት አራተኛ መርፌው ይረከባል፤ ዋናው ጄት የሚናገረው ከዚያ በላይ ብቻ ነው። አንድ ትራያል ነጂ በሴክሽን ውስጥ ሙሉ ጋዝ የሚከፍትበት ጊዜ እምብዛም የለም። ይህን በዓይንዎ ለማየት ከፈለጉ በጋዝ እጀታው ላይ ነጭ የኤሌክትሪክ ቴፕ ለጥፈው፣ አጠገቡ ባለው የማይዞር ክፍል ላይ ደግሞ ዝግ፣ ሩብና ግማሽ የሚያሳዩ ሦስት ምልክቶች ያድርጉ፤ ጓደኛዎ ጎንዎ እየተራመደ ይመልከት። ያን ጠባብ መታጠፊያ ሲዞሩ ቴፑ ከመጀመሪያው ምልክት ብዙም አይርቅም። ስለዚህ መጀመሪያ ዋናውን ጄት ወደ ቀድሞ ቁጥሩ ይመልሱት፤ አሁን ባለበት ሁኔታ በመንገድ ላይ ካንዴላውን ከማጥቆር በቀር የሚያደርገው ጥቅም የለም።

ወደ ሥራው እንግባ። ኮንሴንትሪክ ላይ ሁለት ብሎኖች ከጎን ይታያሉ፤ ሰያፍ የሆነው ስላይዱን ደግፎ ሚኒሞውን፣ ማለትም ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ፍጥነት፣ የሚወስን ነው፣ አግድም የገባው ደግሞ የአየር ብሎኑ ነው። ካርቡሬተሩን ከሞተሩ ያውጡ፣ ከታች ያለውን የነዳጅ ገንዳ ይፍቱ፣ የአየር ብሎኑንም ከትንሿ የጎማ ቀለበቱ ጋር አውጥተው በንጹሕ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በገንዳው በኩል የፓይለት ጄት መግጠሚያ ክር ስለሚታይ ጄቱ እዚያ ያለ ይመስላል፤ ለአራት ምት ሞተር በተሠሩት አብዛኞቹ ላይ ግን እዚያ ምንም የለም። እውነተኛው ጄት የአየር ብሎኑ ከሚገባበት ቀዳዳ ጥልቅ ጫፍ ላይ በግፊት የተተከለ፣ የማይፈታ፣ ውስጡ 0.016 ኢንች ወይም 0.4 ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሆነ ቀጭን ቱቦ ነው። ካርቡሬተሩን በማጽጃ ፈሳሽ ሌሊቱን ቢዘፈዝፉትም እዚያ ውስጥ የደረቀው የነዳጅ ሙጫ ሁልጊዜ አይለቅም።

የሚያስፈልግዎ 0.4 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ የብረት ክር ነው፤ የጊታር ክር ከሚሸጥበት ቤት 0.016 ኢንች የሚል ያልተጠቀለለ ክር ቢገዙ ልክ ይሆናል። ጫፉን በሞረድ አለስልሰው፣ የአየር ብሎኑ በወጣበት ቀዳዳ ቀጥ አድርገው ቀስ እያሉ ያስገቡት። መጀመሪያ ግድግዳ ይነካል፤ ትንሽ ሲያወዛውዙት ቀዳዳውን ያገኘዋል፣ ያን ጊዜ ክሩ በጣትዎ ላይ ድንገት ይቀልላል። ወደፊትና ወደኋላ ያንቀሳቅሱት እንጂ በምንም ምክንያት ድሪል አያስገቡ። እኔ ወጣት ሳለሁ ቸኩዬ በድሪል አስፍቼው የአንድን ደንበኛ ካርቡሬተር አበላሽቻለሁ፤ ዋጋውንም ከደመወዜ ከፍያለሁ። ከዚያ መነጽር አድርገው፣ የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ በቀጭን ቱቦው በኩል ወደዚያው ቀዳዳ ይርጩና የካርቡሬተሩን ጉሮሮ ይመልከቱ። ከስላይዱ ሥር አንድ፣ ከእሱ ወደ ሞተሩ በኩል ደግሞ ሌላ፣ ሁለት የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ነጥቦች አሉ። ፈሳሹ ከሁለቱም እንደ ፀጉር ቀጥኖ፣ ሳይንጠባጠብ መውጣት አለበት። ከአንዱ ብቻ ከወጣ ሥራው አላለቀም፤ ሚኒሞው ጥሩ ሆኖ ጋዝ በጥቂቱ ሲከፈት የሚያስነጥሰው ብዙውን ጊዜ ከስላይዱ ሥር ያለችው ቀዳዳ ስትደፈን ነው።

ይህ ሙጫ የሚመጣው ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ አሥር በመቶ ኤታኖል ይይዛል፤ ኤታኖል ደግሞ ውሃ ይስባል፣ ካርቡሬተሩ የተሠራበትንም ዚንክ ያነጫል። ስለዚህ አምስት በመቶ የሚለውን ሱፐር ቤንዚን ይጠቀሙ፤ ከውድድር ሲመለሱም የነዳጁን ቧንቧ ዘግተው የካርቡሬተሩን ገንዳ ያፍስሱ።

ካርቡሬተሩን ከመመለስዎ በፊት ሞተሩ ላይ የሚያርፈውን ፊት በመስተዋት ላይ አስቀምጠው ይዩት። ሁለቱን ብሎኖች አንዱ ባለቤት ከሌላው አብልጦ ሲያጠብቅ ኖሯልና፣ ብዙዎቹ እንደ ቀስት ጎብጠዋል። መሐሉ ወይም ዳሩ ላይ ብርሃን ካሳለፈ 400 ቁጥር ውሃ የሚችል የአሸዋ ወረቀት በመስተዋቱ ላይ ዘርግተው፣ በስምንት ቁጥር ቅርጽ እያዞሩ እስኪስተካከል ይፈግፍጉት። አዲስ የጎማ ቀለበት ይግጠሙበት፤ ብሎኖቹን ተራ በተራ፣ ቀለበቱ እስኪጨመቅ ብቻ ያጥብቁ። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ በመጋጠሚያው ዙሪያ ስስ ዘይት በብሩሽ ይቀቡ፤ ድምፁ ከተለወጠ አየር አሁንም እየገባ ነው። ስላይዱ በጣት ሲነቀነቅ የሚንኳኳ ከሆነም ተበልቷልና የትኛውም ማስተካከያ አይረዳውም፤ ጠንካራ ሽፋን ያለው የአሉሚኒየም ስላይድ ከቀድሞው ዚንክ ይልቅ ይቆያል።

ከዚያ ሞተሩን በደንብ አሙቀው፣ ቾኩን ሙሉ በሙሉ ከፍተው፣ የአየር ብሎኑን ከአንድ ዙር ተኩል ይጀምሩ፤ ሞተሩ በጣም ፈጥኖ በእኩል የሚመታበትን ቦታ ሲያገኙ ሚኒሞውን መልሰው ዝቅ ያድርጉት። ከሁሉም በኋላ በጥቂት ጋዝ አከፋፈት ላይ ብቻ ማስነጠሱ ካልቆመ ችግሩ የስላይዱ ጠርዝ ነው። ቁጥሩ በላዩ ተቀርጿል፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድብልቁ ይወፍራልና 3 ከሆነ 2½ ይሞክሩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ አይለውጡ።

ስለ እሳቱ በአጭሩ፦ የፖይንቱ ክፍተት ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ይሁን። ብልጭታውን በራሱ የሚያስቀድመውን ክፍል ከፍተው ሁለቱ ሞላዎች ያልላሉና ክንዶቹ በነጻ የሚመለሱ መሆናቸውን ያረጋግጡ፤ ካልተመለሱ ሞተሩ ቀስ ሲል ብልጭታው እንደቀደመ ይቆያልና ይመታል፣ ይጠፋልም። ሞተርዎ ባትሪ እየሞላ የማይሄድ ከሆነ ከውድድሩ በፊትና በኋላ ቮልቱን ይለኩ።

ደካማ ሞተር ገዛሁ ብለውም አይዘኑ። ሮይ ፔፕሎው እ.ኤ.አ. በ1959 በስኮትላንድ የስድስት ቀን ትራያልን ያሸነፈው 199 ሲሲ በሆነው በዚሁ በታይገር ከብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ግን ሳሚ ሚለር ያንኑ ውድድር በስፔኑ ቡልታኮ አሸንፎ ዘመኑን ለወጠው፤ «ከ65 በፊት» የሚባለው ምድብም ከዚያ ለውጥ በፊት ለነበሩት ሞተሮች የተተወ ቦታ ነው። ኮንሴንትሪክ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1967 ስለሆነ፣ ደንቡን አጥብቆ የሚያነብ ክለብ ሊጠይቅዎ እንደሚችል ግን ይወቁ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ። ለአሮጌ ሞተር ሴክሽን ሲያዘጋጁ በእግር እየሄዱ ብቻ ገመድ አይዘርጉ፤ የራስዎን ሞተር እየገፉ ይሂዱ። የእነዚህ ሞተሮች መሪ እንደ ዘመናዊዎቹ ብዙ አይታጠፍም፣ ክብደታቸውም ሌላ ነው፤ የዛሬ ሞተር በቀላሉ የሚዞርበት ማዕዘን አንድን ባለ 350 ሲሲ አሮጌ ሞተር እንዲሁ በቆመበት ያስቀረዋል። ስለዚህ በምድብዎ ካሉት ሞተሮች ሁሉ መሪው በጣም የማይታጠፈውን ተበድረው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ መሪውን ሙሉ አዙረው እየገፉ መታጠፊያውን ይሳሉበት፤ ከዚያም ቢያንስ አንድ ክንድ ያስፉት። የቅጣት ነጥብ የሚመጣው መሪው ከማይበቃበት ማዕዘን ሳይሆን ነጂው መሥመሩን ከመምረጡና ጎማው መሬቱን ከመያዙ መሆን አለበት።

ቀዩን ምልክት በቀኝ፣ ሰማያዊውን በግራ ያድርጉ፤ መግቢያና መውጫውን በግልጽ ያመልክቱ። እግር ሳያሳርፍ ያለፈ ዜሮ፣ አንዴ ያሳረፈ አንድ፣ ሁለቴ ያሳረፈ ሁለት፣ ከዚያ በላይ ምንም ያህል ያሳረፈ ሦስት፣ የወደቀ፣ ከምልክት የወጣ ወይም ሞተሩ የጠፋበት አምስት የቅጣት ነጥብ ይይዛል። መቆም በማይፈቀድበት ደንብ ወደፊት መሄድ ማቋረጥም አምስት ስለሆነ፣ ዳኛው ሁሉንም ጎማ የሚያይበትን ቦታ ሴክሽኑን ሲስሉ አብረው ይወስኑ። በምልክቱ ላይ በግማሽ ጎማ የሚነሣ ክርክር ቀኑን ሙሉ ይበላል።

ብዙ አዲስ አዘጋጅ የሚረሳው መሬቱ እንደሚለወጥ ነው። ጠዋት ሣር ለብሶ የሚይዝ ዳገት ሠላሳ ሞተር ካለፈበት በኋላ እንደ ሳሙና ይሆናል፤ ወንዝ ውስጥ ያለ ድንጋይ ደግሞ ይነቀላል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ነጂ ቀላል የሚመስል አድርገው ይጀምሩ፤ ከዳገቱ አናት ላይም የወደቀ ሰው ሞተሩን ይዞ የሚወርድበት ነጻ መንገድ ይተዉ። የመሬቱን ባለቤት ፈቃድ፣ የውድድሩን ፈቃድና ኢንሹራንስ ክለቡ ከሞተር ሳይክል ማኅበሩ ጋር ጨርሶ በጽሑፍ እስኪያሳይዎ ድረስ አንድም ችካል አይትከሉ።

ለእርስዎ ሞተር በቱቦ የሚሠራውን የኋላ ጎማ የአየር ግፊት ወደ 5 ፒኤስአይ፣ የፊቱን ወደ 6 ወይም 7 አድርገው ይጀምሩ፤ ካላማዳሪው በቸርኬው ውስጥ እንዳይሽከረከርና አፉ እንዳይቀደድ ጎማውን የሚይዘው ማጠንከሪያ ብሎን መኖሩንም ይዩ። ክሩን ካሳለፉ በኋላ የአየር ብሎኑ ስንት ዙር ላይ እንደቆመ ይጻፉልኝ፤ አንድ ዙርና ከዚያ በላይ ከሆነ ስለ ፍሪሲዮኑ እናወራለን፣ አሁንም ሩብ ዙር ላይ ከሆነ ግን የመጋጠሚያውን ፊት ፎቶ አንሥተው አብረው ይላኩልኝ።