ርክክብ ያልተደረገበት ቤት

ጥያቄ፦ «የ28 ዓመት ወጣት መኮንን ነኝ። ማዕረጌ መቶ አለቃ ሲሆን 30 ያህል ወታደሮችን እመራለሁ። ባለቤቴና ሦስት ዓመት ሊሞላት የተቃረበችው ልጄ የሚኖሩት አዳማ ነው፤ እኔ የተመደብኩት ግን ሁለት ቀን በሚያስኬድ ጠረፍ በመሆኑ ወደ ቤቴ የምመጣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። በሥሬ ያሉት ሃምሳ አለቃ በዕድሜ አባቴ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው፤ ትእዛዝ ስሰጥ ወታደሮቹ አስቀድመው የሚያዩት የእርሳቸውን ፊት ነው። እንዳይንቁኝ ብዬ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ውሳኔዬ ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ የማልመልስበት ጊዜም አለ። ባለፈው ፈቃድ ቤቴ ስገባ ልጄ ከእናቷ ጀርባ ተደበቀች፤ ከዚያም ስልኩን አንሥታ ‹አባቢ እዚህ ውስጥ ነው› አለች። ቤቱ ሥርዓት የጎደለው መስሎ ስለታየኝ የልጅቷን የመኝታ ሰዓት፣ የወሩን ወጪ፣ የዕቃውን አቀማመጥ ሳይቀር ላስተካክል ሞከርኩ። ባለቤቴ ‹እዚህ ካምፕ አይደለም› ስትለኝ ሰሐን ወርውሬ ሰበርኩ። ፈቃዴ ሳያልቅ ወደ ጦር ክፍሌ ተመለስኩ። ውትድርናውን ልልቀቅ ወይስ ትዳሩን?»

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ከአንድ ጊዜ በላይ አንብቤዋለሁ። የሥራውን ጭንቀት ከላይ፣ የቤቱን ከታች ለያይተው ጽፈውታል። እኔ ግን ሁለት ችግር አልታየኝም። በሁለቱም ቦታ የደረሱት ከእርስዎ በፊት ሲሠራ በቆየ፣ የራሱ ልማድና ራሱ የሚያከብረው ሰው ባለው ስብስብ መካከል ነው፤ በሁለቱም ቦታ ደግሞ አለማወቅዎ እንዳይታይብዎት በትእዛዝ ሸፍነውታል። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱን ቢለቁ እንኳ ይህ ነገር ወደ ሌላው ተከትሎዎት እንዳይሄድ እሰጋለሁ።

የመቶውን፣ ማለትም 30 ያህል ወታደሮች ያሉበትን የጦር ክፍልዎን፣ አዛዥነት የተረከቡበትን ቀን ያስታውሱ። መሣሪያው በቁጥሩ፣ ጥይቱ በሣጥኑ፣ የመገናኛ ሬዲዮውና ድንኳኑ በዝርዝር ቀርቦልዎት አንድ በአንድ እያዩ ፈርመዋል። የሰዎቹን ነገር ግን በወረቀት ያስረከበዎት የለም። እናቱ የታመመችበት ወታደር ማን እንደሆነ፣ ዘብ ላይ እንቅልፍ ቶሎ የሚያሸንፈው ማን እንደሆነ፣ ማንን ከማን ጋር በአንድ ምሽግ ማሳደር እንደማይገባ የሚያውቁት ሃምሳ አለቃው ናቸው። ወታደሮቹ የእርሳቸውን ፊት የሚያዩት እርስዎን ስለናቁ ነው ብዬ አልደመድምም። ለዓመታት አብሯቸው የኖረ፣ በክፉ ቀን የሚያውቁት ሰው አለ፤ እርሱ አዲሱን መኮንን ተቀብሎት እንደሆነ ማየት ይፈልጋሉ። ሃምሳ አለቃው ደግሞ ሊቀበሉዎት የሚችሉት ሲጠየቁ ነው። እርስዎ ጠይቀዋቸው እንደሚያውቁ ከደብዳቤዎ አላገኘሁም።

የምመክርዎት ይህን ነው። ከባድ ትእዛዝ ከመስጠትዎ በፊት ሃምሳ አለቃውን ለብቻቸው ይጥሩና «ይህን ላደርግ አስቤያለሁ፤ የት ላይ ይበላሽብኛል?» ብለው ይጠይቋቸው። የተናገሩትን ሁሉ መቀበል አይጠበቅብዎትም፤ ውሳኔውም ተጠያቂነቱም የእርስዎ ነው። ነገር ግን በወታደሮቹ ፊት ከቆሙ በኋላ እርስዎ እርሳቸውን እንዳያርሙ፣ እርሳቸውም እርስዎን እንዳይቃወሙ አስቀድማችሁ በግልጽ ተስማሙ። ስሕተት ሆኖ ያገኙትን ውሳኔም በአጭሩ «ተሳስቻለሁ፤ እንዲህ እናድርግ» ብለው ይመልሱት። ወታደሩ የአዛዡን ስሕተት ከአዛዡ ቀድሞ ያውቀዋልና፣ ባለመመለስዎ የሚደብቁት ነገር የለም።

ወታደር ከድምፅ ይልቅ የሚመለከተው ሌላ ነገር መሆኑን የአገራችን ታሪክ ይመሰክራል። በጥር 1966 ዓ.ም. ነገሌ ቦረና የነበሩት ወታደሮች መኮንኖቻቸውን ይዘው ያገቱት በምግብና በውኃ ምክንያት ነበር፤ የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ሲበላሽ መኮንኖቹ የራሳቸውን ጉድጓድ ከልክለዋቸው ነበር። ሊያነጋግሯቸው የተላኩት ሌተናል ጄኔራል ድረሴ ዱባለም ወታደሩ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውን እንዲጠጡ ተገድደዋል። በዚያ ጠረፍ ውኃ የሚቀዳው በምን ተራ እንደሆነ፣ ምግብ ሲቀርብ እርስዎ ስንተኛ እንደሚያነሡ ወታደሮችዎ ልቅም አድርገው ያውቃሉ። የሚፈልጉትን ክብር ከዚያ በኩል ቢጀምሩት ጩኸቱ አያስፈልግዎትም።

ይህ ጉዳይ ከቤትዎ ጋር የሚገናኘው በጣም ተራ በሆነ መንገድ ነው። ሁሉን ራሱ ካልሠራ የሚናቅ የሚመስለው አዛዥ ማታ ወደ ቤቱ የሚደውልበት አሥር ደቂቃ አያገኝም፤ ፈቃድ ወጥቶም ልቡ ምሽግ ውስጥ ይቀራል፤ ቤቱ የሚገባውም ደክሞ፣ ተቆጥቶና ለሁሉ ነገር ዘብ ቆሞ ነው። ሃምሳ አለቃውን ማመን ሲጀምሩ ለባለቤትዎና ለልጅዎ የሚተርፍ ሰው ይኖራል።

አሁን ወደ አዳማ እንሂድ። ባለቤትዎ በእነዚያ ወራት የቤት ኪራይ ጭማሪ ከአከራይ ጋር ተከራክረዋል፤ ልጅቷ ሌሊት ሲያተኩሳት ብቻቸውን ጤና ጣቢያ ወስደዋል፤ እርስዎ በቴሌብር የላኩትን ገንዘብ ለወሩ አብቃቅተዋል። ይህን በደብዳቤዎ አልጻፉልኝም፤ ነገር ግን አባቱ ጠረፍ በሆነበት ቤት ከዚህ የተለየ ኑሮ መኖሩን እጠራጠራለሁ። እርስዎ ገብተው በሦስት ቀን ውስጥ የመኝታውን ሰዓት፣ ወጪውንና ወንበሩን ሲያነሡና ሲጥሉ፣ ባለቤትዎ የሰሙት «የሠራሽው ሁሉ እኔ እስክመጣ የተያዘ ጊዜያዊ ነገር ነበር» የሚል ቃል ነው። እርስዎ ይህን ለማለት አላሰቡም ይሆናል፤ እርሳቸው ግን እንደዚያ ቢሰሙት አልፈርድባቸውም።

ይህ በእርስዎ ቤት ብቻ የደረሰ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሩበን ሂል የተባለው አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ፣ አባወራዎቻቸው ዘምተው የተመለሱላቸውን የአዮዋ ክፍለ ግዛት ቤተሰቦች አጥንቶ ውጤቱን በ1949 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ያለ አባት መኖርን አጥብቀው የለመዱ ቤተሰቦች መለያየቱን ቢችሉትም፣ መልሶ መገናኘቱ ሊከብዳቸው እንደሚችል ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ይታወቃል። ስለዚህ የሰው ሁሉ ሐሳብ የሚያርፈው በመሸኛው ቀን ላይ ቢሆንም፣ ባለሙያዎች አጥብቀን የምንጠይቀው ስለ መመለሻው ሳምንት ነው።

የሚቀጥለውን ፈቃድ በርክክብ ይጀምሩት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምንም ነገር ሳይነኩ ይቆዩና፣ ቡና በሚፈላበት ሰዓት ባለቤትዎን «ይህን ቤት እንዴት ነው የምታስኬጂው? ምን ይከብድሻል? እኔስ የትኛውን ልውሰድልሽ?» ብለው ይጠይቁ። የሚሰጡዎት ሥራ ትንሽ ሊመስልዎት ይችላል፤ ጠዋት ልጅቷን ማልበስ፣ ውኃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ መቅዳት ሊሆን ይችላል። አንዱን ይቀበሉና ፈቃድዎ እስኪያልቅ ሳያቋርጡ ይሥሩት። ቅር ያለዎትን ነገር መናገር የለብዎትም ማለቴ አይደለም፤ አባት ነዎት፣ ባል ነዎት፤ የቤቱ ወጪም ይመለከትዎታል። ነገር ግን በአሥረኛው ቀን የሚነሳ ሐሳብ በሁለተኛው ቀን ከሚሰጥ ትእዛዝ በእጅጉ የተለየ ጆሮ ያገኛል።

ስለ ልጅዎ የጻፉት ዐረፍተ ነገር ልቤን ነክቶታል፤ እርስዎም ሲሰሙት እንደተጎዱ ይሰማኛል። እኔ ግን የማነበው ከእርስዎ በተለየ መንገድ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ልጅ ለወራት ያላየውን ሰው መፍራቱ ጤነኛ ነገር ነው፤ ልጅቷ የተደበቀችው ከምታምነው ሰው ጀርባ መሆኑም አሳዳጊዋ በሚገባ እንዳሳደጓት ያሳያል። ከዚያም ቀጥላ አባቷ ያለበትን ቦታ ጠቁማለች። አልረሳችዎትም፤ ቦታ ሰጥታዎታለች፤ ቦታው ስልኩ ውስጥ ነው። ከስልኩ ወጥተው አጠገቧ ሊሆኑ የሚችሉት እየጎተቱ በማቀፍ አይደለም። ወለሉ ላይ ይቀመጡ፣ በስልክ የምታውቀውን ድምፅና የምታውቀውን ቃል ይጠቀሙ፣ ራሷ እስክትቀርብ ይጠብቁ። ከጠረፍ ሆነው ደግሞ አንድ አጭር ተረት በድምፅዎ ቀርጸው ይላኩላት፤ ኔትወርክ በማይኖርበት ሳምንት እናቷ ያሰሟታል። ልጆች አንዱን ተረት ደጋግመው መስማት ይወዳሉና አዲስ እየፈለጉ አይጨነቁ። ፈቃድ ሲወጡ ያንኑ ተረት አጠገቧ ተቀምጠው ይንገሯት።

የሰሐኑን ነገር ግን በዚህ ሁሉ ማስረዳት ውስጥ ላሳልፈው አልችልም። ዕቃ ሲወረወር ያየች ሚስት ቀጣዩ የሚያርፈው የት እንደሆነ ታስባለች፤ ሕፃኗም ድምፁን ሰምታለች። ድካም ምክንያቱን ሊያስረዳ ይችላል፤ ድርጊቱን ግን አያስፈቅድም። እጅዎ ወደ ሰው እየሄደ ከሆነ፣ ወይም አንድ ቀን ሄዶ ከነበረ፣ ይህ ደብዳቤ አይበቃምና ሳይውሉ ሳያድሩ በአካል የሚያይዎት ባለሙያ ያስፈልግዎታል። እንዲሁም በግዳጅ ላይ ያዩት ነገር በሕልም እየተመላለሰ የሚያባንንዎት፣ በር ሲዘጋ የሚያስደነግጥዎት፣ ያለ መጠጥ እንቅልፍ የማይወስድዎት ከሆነና ይህም ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ ጉዳዩ ከጠባይ አልፎ ሕክምና የሚሻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጦር ኃይሎች ሆስፒታልና አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አሉልዎት። የማዕረግ ዕድገታቸውን ይነካብናል ብለው ሕመማቸውን የሚሸሽጉ መኮንኖች አሉ፤ ሥጋታቸው ይገባኛል። ይሁንና አብረዋቸው የሚያድሩት ወታደሮች ሌሊት ሲባንኑ ይሰማሉ፤ የሚሸሸጉት ሊረዳቸው ከሚችለው ሰው ብቻ ነው።

ውትድርናውን ወይስ ትዳሩን ላሉኝ፣ ተጣልተው በተመለሱ ማግሥት ሁለቱንም እንዳይወስኑ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። አንድ ፈቃድ በአዲሱ መንገድ ይሞክሩ። እስከዚያው ለሻምበል አዛዥዎ የቤትዎን ሁኔታ በአጭሩና በግልጽ ያስረዱ፤ የሚቀጥለው ፈቃድዎ መቼ አካባቢ እንደሚሆን ግምቱ እንኳ ከታወቀ ባለቤትዎ የሚጠብቁት ነገር ይኖራል፤ የምደባ ለውጥ የሚጠየቅበት አግባብ ካለም ጥያቄው አሁኑኑ ይመዝገብልዎት። ከዚያ በኋላ ሥራውን መልቀቅ ይሻላል ብላችሁ ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ከተስማማችሁ፣ ያ የሁለት ሰዎች ውሳኔ ይሆናል።

ዛሬ ማታ ኔትወርክ ካለ ለባለቤትዎ ይደውሉ። «ሁሉ ሰላም ነው?» ብለው አይጀምሩ፤ መልሱ «ሰላም ነው» ይሆንና ስልኩ ይዘጋል። ስለ ተረቱ፣ ስለ ፈቃዱ፣ ስለ ርክክቡም በሌላ ቀን ይደርሱበታል። መጀመሪያ ስለ ሰሐኑ ይቅርታ ይጠይቁ፤ «ነገር ግን» የሚለውን ቃል ሳያስከትሉ ይጠይቁና፣ ባለቤትዎ የሚሉትን እስከ መጨረሻው ያዳምጡ።