ጥርሱ የተጠቀለለው ዓሣ የእውነት ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም እናንተዬ፣ ልጄ ከዳይኖሰር በፊት ስለነበሩ እንስሳት የሚያወራ መጽሐፍ ላይ ታችኛው መንጋጋው ላይ እንደ ክብ መጋዝ የተጠቀለለ ጥርስ ያለው ዓሣ አሳየኝ። ሌላ መጽሐፍ ላይ ደግሞ ያው ዓሣ ጥርሱ አፍንጫው ላይ ነው። ሰዓሊዎቹ ዝም ብለው ከጭንቅላታቸው ነው እንዴ የሚያወጡት? (አንድ አባት፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ዓሣውስ የእውነት ነው ወንድሜ፣ ሄሊኮፕሪዮን ይባላል፣ ከዛሬ 270 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የኖረ ነው፣ ያኔ ዳይኖሰር የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ችግሩ ምን መሰለህ፣ አጽሙ እንደ ጆሯችን የሚተጣጠፍ ነገር ስለሆነ ሲሞት በስብሶ ይጠፋል፣ ድንጋይ ሆኖ የሚቀረው በአብዛኛው ያ ጥርሱ ብቻ ነው። እና ሰዓሊው ጥርስ ብቻ ይዞ ዓሣ ሳል ሲባል የት ያድርገው? በ1899 ሩሲያዊው ሳይንቲስት ካርፒንስኪ ከአፍንጫው ላይ ወደ ላይ ተጠቅልሎ የወጣ አድርጎ አሰበው፣ ከዛ በኋላ ጀርባው ላይ ያደረጉት አሉ፣ ጭራው ላይ የሰቀሉትም አልጠፉም (ጭራ ላይ ጥርስ ምን ይሠራል እንዳትለኝ)።

እኔ በጣም የምወደው ግን የአላስካውን ሰዓሊ የሬይ ትሮልን ነገር ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ሙዚየም ውስጥ ያንን ጥርስ አይቶ ከዛ በኋላ አልለቀቀውም፣ ሳይንቲስቶቹን እየነዘነዘ ሲጠይቅ በ1966 የወጣና ብዙ ሰው ያላስተዋለው ጥናት አገኘ፣ ጥናቱ ጥርሱ ታችኛው መንጋጋ ላይ ነው ይላል፣ እሱም እንደዛ መሳል ጀመረ። በኋላ አሜሪካ፣ አይዳሆ ውስጥ የተገኘውን፣ 117 ጥርስ ያለውንና የመንጋጋው ቅሪት ድንጋዩ ውስጥ የቀረለትን ናሙና ሲቲ ስካን አነሱትና በ2013 ውጤቱ ወጣ፦ እውነትም ታችኛው መንጋጋ ላይ ነው፣ እንደውም መንጋጋውን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል፣ ላይኛው ላይ ጥርስ አልተገኘም። ዘመዱም ድሮ እንደሚታሰበው ሻርክ ሳይሆን ኪሜራ ለሚባሉት ዓሦች የሚቀርብ ሆነ።

ስለዚህ የልጅህ መጽሐፍ ልክ ነው፣ አፍንጫ ላይ ያደረገው የድሮውን ግምት ይዞ ነው። የቀረውን ሰውነት ከዘመዶቹ ቅሪት አይተው ነው የሚገምቱት፣ ቀለሙ ግን ንጹህ ግምት ነው፣ ብዙዎቹ ጀርባውን ጠቆር ሆዱን ነጣ የሚያደርጉት ዛሬ ባሕር ውስጥ ያሉትን ዓሦች አይተው ነው፣ ልጅህ ሐምራዊ አድርጎ ቢቀባው ተሳስተሃል ብሎ ማስረጃ የሚያመጣበት ሰው የለም።