«አንድ ዓመት ቢዘገይ ምን ይመጣል?» ላልሽኝ እህቴ (በኮቪድ ወረርሽኝ ጊዜ የተጻፈ)

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሕብረተሰብ ጤና ተመርቀሽ ትራኮማን (ዓይን የሚያሳውር ተላላፊ በሽታ) እና ኦንኮሰርኪያሲስን (በጥቁር ዝንብ የሚተላለፍ የትል በሽታ) በሚቆጣጠር ፕሮግራም ውስጥ ዓመት ከመንፈቅ ሠርተሻል። ኮቪድ ሲመጣ ዘመቻው ቆመና ቤት ዋልሽ። አሁን ሥራው ሊቀጥል ስለሆነ የመድኃኒት ዕደላ ተቆጣጣሪ ሆነሽ እንድትመለሺ ጠርተውሻል። ወንድምሽ ደግሞ ደመወዙ ከፍ ያለ፣ በኮቪድ ምርመራ ጣቢያ የስድስት ወር ኮንትራት አግኝቶልሻል። እናትሽ «ቤት ለቤት ዞረሽ በሽታ ታመጪብኛለሽ» ብለዋል። ማስተርስም ታስቢያለሽ።

እኔን ያስቆመኝ ግን ይሄ ነው፦ «እነዚህ በሽታዎች የቆዩ ናቸው፤ ወረርሽኙ እስኪያልፍ አንድ ዓመት ቢዘገይ ምን ይመጣል?»

ብዙ ይመጣል። የምናድለው መድኃኒት፣ አይቨርሜክቲን፣ የኦንኮሰርኪያሲስን ትንንሽ እጮች ይገድላል እንጂ አዋቂዋን ትል አይገድልም። እሷ ሰውነት ውስጥ ከ10 እስከ 15 ዓመት ትኖራለች። መድኃኒቱ ለጥቂት ወራት መውለዷን ይገታል፣ ከዚያ እንደገና ትጀምራለች። በየዓመቱ የምናድለው ለዚህ ነው። አንድ ዙር ሲዘለል እጮቹ ተመልሰው ቆዳ ውስጥ ይሞላሉ። ጥቁሯ ዝንብ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው ታዛምታለች። ትራኮማም እንደዚሁ ነው። በሽታው በጠናበት ቦታ የአንድ ዓመት መቋረጥ ከአንድ ዓመት በላይ ወደኋላ ይመልሳል። ስርጭቱ ዝቅ ባለበት ቦታ ጉዳቱ ያንሳል፣ እሱን አልክድም።

እኔ ሥራ የጀመርኩት የቁመት መለኪያ እንጨት ይዤ ነው። ከ90 ሳንቲሜትር በታች ለሆነ ልጅ አይቨርሜክቲን አይሰጥም። አንድ ትንሽ ልጅ መስመሩን ለማለፍ በእግሩ ጣት ሲንጠራራ አሁንም ይታየኛል። እናቱ አጠገቡ ቆማለች። አንገቷ ላይ በክር ወረንጦ አስራለች። ከትራኮማ የተነሳ የዓይኗ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ዞሮ ዓይኗን ስለሚፍቅባት በየጊዜው በእሱ ትነቅለዋለች። እሷን የሚያድናት ክኒን አልነበረም፤ ቀዶ ሕክምና ነበር የሚያስፈልጋት። ለልጇ ግን አልረፈደም ነበር። «ምን ይመጣል» ስትይኝ የመጣብኝ የዚያች ሴት ወረንጦ ነው።

መቆሙ ስህተት ነበር እያልኩሽ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 ዘመቻዎች እንዲዘገዩ ሲመክር ልክ ነበር። ማንም ምን እንደመጣ አያውቅም ነበርና። በጁላይ ግን ሌላ መመሪያ አወጣ፦ በየቦታው ጥቅሙንና አደጋውን መዝኑ፣ ከቀጠላችሁም አደጋውን ቀንሱ የሚል። ስለዚህ የምትመለሺበት ሥራ ያኔ ትተሽው የሄድሽው አይደለም። ሰው አንድ ዛፍ ሥር አይሰበሰብም። አዳዩ ማስክ አድርጎ ከደጅ ይቆማል። ልጁን ሳይነካው ይለካዋል። ውሃውን እያንዳንዱ በራሱ ኩባያ ይጠጣል። «ክኒኑ የኮቪድ ሙከራ ነው» የሚል ወሬ ሲነሳ ቀድማ የምትሰማውም፣ የምትመልሰውም ተቆጣጣሪዋ ናት። የቆመን ፕሮግራም ማስነሳት በሰላም ጊዜ የማይገኝ ትምህርት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ የምትናገሪው ይሄንን ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ወንድምሽ ያሰላው የወሩን ደመወዝ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ያለውን አላሰላውም። ያ ኮንትራት የሚኖረው ወረርሽኙ እስካለ ነው። የአንቺ ዘርፍ፣ ችላ የተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች፣ ግን በጃንዋሪ 2021 ከዓለም ጤና ድርጅት እስከ 2030 የሚዘልቅ ፍኖተ ካርታ ወጥቶለታል። ቤቱ በአንቺ ደመወዝ የሚተዳደር ከሆነ ኮንትራቱን ፈርሚ፣ አልወቅስሽም። ደብዳቤሽ ላይ ግን እንዲያ አልተጻፈም። የተጻፈው «ዘመድ ምን ይለኛል» ነው። ለዘመድ ወሬ ብለሽ ሙያ አትቀይሪ።

እናትሽን አክብሪ፣ ስጋታቸውም እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ቀኑን ሙሉ ከሰው አፍንጫ ናሙና መውሰድ በምን ሂሳብ ነው ከደጅ ቆሞ ክኒን ከማደል የሚሻለው? ቤት ውስጥ አዛውንት ወይም የታመመ ሰው ካለ ዘመቻው እስኪያልቅ ሌላ ቦታ እደሪ።

ማስተርሱ ይቆይ። ከዚህ ዙር በኋላ የመመረቂያ ጽሑፍሽን ርዕስ ራስሽ ታገኚዋለሽ። ሲቪሽ ላይ ስላለው ክፍተት አትጨነቂ፤ «ፕሮግራሙ በወረርሽኙ ምክንያት ተቋርጦ ነበር» ብለሽ ጻፊው።

ከመፈረምሽ በፊት ግን እነዚህን ጠይቂ። አንቺ ለምትሄጂባቸው ወረዳዎች የአደጋ ግምገማው ተሠርቷል? ወረቀቱን አሳዩኝ በይ። ማስክና ሳኒታይዘሩ በአዳዮች ቁጥር ተቆጥሮ ገብቷል? የኮቪድ ቁጥር ቢጨምር ዘመቻውን የሚያቆመው ማን ነው? ደግሞ መጋዘን ገብተሽ የመድኃኒቱን ማብቂያ ቀን በዓይንሽ እዪ። ያ ሁሉ ካርቶን ወራት ሲቀመጥ ቀኑም አብሮ ሲሄድ ነበር።